አምስት ቀን የተዘፈዘፈው አኩሪ አተር

ሐኪሙ ሥጋና ቅቤ ቀንስ ካለኝ ወዲህ ልጄ ከቡሬ የአኩሪ አተር ዱቄት ትልክልኛለች። እኔም ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብዬ በየጠዋቱ አጥሚቱን እጠጣለሁ። መጥፎ አይደለም፤ ትንሽ የጥሬ ባቄላ ጠረን አለው። ብቻ በጠጣሁ ቁጥር ጥሩዬ ትዝ ትለኛለች፤ እሷ ትዝ ካለችኝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይደክመኛል።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከተማ ተወልጄ ያደግሁ አዲስ የግብርና ሠራተኛ፣ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ቀበሌ ተመደብሁ። ወሩ መጋቢት ነው፤ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ጥሩዬ ከአዊ ወገን የሆነች ገበሬ ናት። ጡት የጣለው ልጇ ዓለሙ እግሩ አብጦ፣ ጸጉሩ ሳስቶ መቅላት ጀምሯል። ላሟም ነጥፋለች።

ለገበሬው እንዳስተዋውቅ ከተሰጠኝ አኩሪ አተር አምስት ጣሳ ሰፈርሁላት። በቀበሌው አይቶት የሚያውቅ አልነበረም። እንደ ሥጋ ገላ እንደሚገነባ፣ ከሥልጠና የሰማሁትን ሁሉ ደረደርሁላት። ፍሬውን በመዳፏ አገላብጣ አየችው።

«መራራ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ትንሽ ጠረን አለው፤ ሲዘፈዘፍ ይለቃል። ዘፍዝፊው፣ ቀቅይው፣ ከዚያ ቆልተሽ ፍጪው፤ ገንፎ ይሆነዋል።»

«እሺ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።»

እኔ «አንቺ» እላታለሁ፣ እሷ «እርስዎ» ትለኛለች፤ በዐሥር ዓመት የምትበልጠኝ ግን እሷ ነበረች። ያኔ ይኼ እንኳ አልከበደኝም።

በሳምንቱ ስመለስ ግቢው ይሸታል። ጥሩዬ ለካ እንደ ግብጦ ነበር የያዘችው። በዚያ አገር ግብጦ ምሬቱ የሚለቀው በጆንያ ታስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ሲሰነብት ነው። እኔ ግብጦ የማውቀው ከጉሊት ገዝቼ ስበላ ነው፤ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠይቄም አላውቅ። እሷ አኩሪ አተሩን አምስት ቀን ወንዝ ውስጥ አቆይታ፣ ዝልግልግ ብሎ የከረፋውን ሰፌድ ላይ አስጥታ ጠበቀችኝ።

«ምነው እንዲህ አበላሸሽው!» አልኋት፣ አማቷና ጎረቤቶቿ ባሉበት።

«ዘፍዝፊው ብለውኝ የለ?» ድምጿ እየቀነሰ ሄደ።

አንድ ሌሊት ብቻ መሆኑን አልነገርኋትም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ፤ አፍሬ ዝም አልሁ። አማቷ «የልጇን ምግብ ለወንዝ አበላችው» አሉ። ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም። ለጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ስጽፍ «የግንዛቤ ማነስ» ብዬ አለፍሁት። ዓለሙ ግንቦትን አላለፈም።

አምስቱ ጣሳ ያድነው እንደነበር አላውቅም። አላውቅም እያልሁ ራሴን ስሸነግል ኖርሁ።

ባለፈው ጥር ባጃጅ ተኮናትሬ ጥሩዬ ዘንድ ሄድሁ። አርጅታለች። ማን እንደሆንሁ ስነግራት ትንሽ ቆይታ አወቀችኝና አፌን ሳልከፍት እጄን ያዘች።

«ያንን እህል ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች፤ «ልጄም በእኔ እጅ ነው የሄደ።»

ነገርኋት። አንድ ሌሊት ብቻ እንደነበር፣ ሳልናገር የቀረሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ሰው ፊት ወቅሻት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ ዝም እንዳልሁ፣ ሁሉንም። እጄን ለቀቀችው።

«አማቴ ይኼን ሳይሰሙ ሞቱ» አለች።

ተነሥቼ ወጣሁ። ቀለለህ ወይ ለሚለኝ፣ አልቀለለኝም። እውነቱን ይዤላት የሄድሁት፣ ሊሰማላት የሚገባው ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።