ከአባቴ ጋር ያነሳሁት በር

ባለፈው ሳምንት የቁም ሳጥኔ መሳቢያ አልከፈት ብሎ አስቸገረኝ። ታግዬ አወጣሁትና ጠርዙን በሻማ ቁራጭ አሸሁት፤ መልሼ ስከተው ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። ጣቴ ላይ የቀረው የሻማ ሽታ ግን ሆዳን ሰፈር ካለው ቤቴ አንስቶ ባደግኩበት በካርቲየ ሰባት፣ የአባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ አቆመኝ። ልብሴን ማጠፌን ትቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግሮ መጥቶ በዚህች የወደብ ከተማ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር። ሱቁ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር ነበረው። ጠዋት፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ሳታግለው በፊት የሰፈሩ በሮች ተራ በተራ እየጮኹ ይነሳሉ። ባለቤቱ ሳይታይ በበሩ ድምፅ ይታወቅ ነበር። የአባቴ በር በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚነሳው፤ «ቢስሚላህ» ብሎ ይጎነብሳል፣ ወዲያው ጣሪያው ጋ ድው ሲል ይሰማል። ያን በር ሌላ ሰው እንዲነካበት አይወድም። «ሱቄን ራሴ መክፈት ያቃተኝ ቀን ቁልፉን ለወንድሜ ሰጥቼ ድሬ እገባለሁ» ይል ነበር። ቀልዱን አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ በመጣ ቁጥር «በቃህ እንግዲህ፣ ግባና እረፍ» እያለ ይጨቀጭቀዋል። ለአባቴ ያ ዕረፍት ከመሞት አይለይም።

እኔ ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ በገባሁበት ጊዜ በሩ መክበድ ጀመረ። አባቴ እስከ ደረቱ ያነሳዋል፣ ቆም ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ ይቀጥላል። «የባሕሩ ጨው ነው፣ ብረቱን በላው» አለን። መድኃኒቱንም ራሱ አዘዘ። የእናቴን የሰሊጥ ዘይት ከጓዳ አምጥቶ በሩ የሚንሸራተትበትን የግራና የቀኝ ሐዲድ አጠጣው። እኛ ቤት ለጉልበትም፣ ለሳልም፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝም የሚታዘዘው የሰሊጥ ዘይት ነው፤ በርስ ከማን ያንሳል? መጀመሪያ ላይ እውነትም ለቀቅ አለ። ከዚያ በሙቀቱ ወራት የሚነሳው የሚጠብስ ነፋስ አቧራውን ይዞ መጣና ዘይቱ ላይ አራገፈው፤ ሐዲዱ ውስጥ ጥቁር ሙጫ ተጋገረ። በሩ በከበደ ቁጥር አባቴ ዘይት ይጨምራል።

በዚያው ሰሞን የፊዚክስ አስተማሪያችን ጠረጴዛ ላይ ጡብ እየጎተተ ስለ ፍሮትማ አስተማረን፤ በእኛ ቋንቋ ሰበቃ ነው። ሁለት ነገሮች ሲተሻሹ የሚፈጠርና ሁልጊዜ ከእንቅስቃሴው በተቃራኒ የሚቆም ኃይል አለ አለን። ጡቡን ሻካራ ወረቀት ላይ ሲጎትተው ገመዱ ተወጠረ። ሻማ የተቀባ ጣውላ ላይ ሲያስቀምጠው ግን በአንድ ጣቱ ገፋው። ጓደኞቼ ይጽፋሉ፤ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ የአባቴን በር አስባለሁ። ለካ አባቴ አልደከመም፣ የያዘው ሰበቃ ነው!

ዓርብ ሱቁ ዝግ ስለነበር ጨርቅ በላምባ ነክሬ ሐዲዱን እስኪያብረቀርቅ ጠረግኩት፤ ሲደርቅም በሻማ አሸሁት። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

«የሰሊጥ ዘይቴን ናቅሽው?»

«አቧራ ይይዛል አባ።»

በሩን ሞከርኩት። ለእኔ እንኳን ቀለለኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በፊት አብሬው ሄድኩ፤ ፊቱን ማየት ፈልጌ ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ ጎነበሰ። በሩ እስከ ደረቱ ወጣ። እንደ ለመደው ትንፋሹን ሊሰበስብ እጁን ላላ ሲያደርግ በሩ ተመልሶ ወረደ። ደገመው። በሩ ከእጁ አምልጦ እግሩ ሥር ድው አለ። ማዶ ሻይ የምታፈላው ጎረቤታችን አይታ እንዳላየች አንገቷን ደፍታ ኩባያ ማጠብ ጀመረች።

ያኔ ገባኝ። በሩን ከላይ ሆኖ ወደ ላይ በመሳብ የሚያግዘው የብረት ሞላ ከረገበ ቆይቷል። አባቴ መሃል ላይ ሲያርፍ ክብደቱን ይዞ የሚጠብቀው ያ ጥቁር ሙጫ ነበር። ሰበቃው ሲያነሳ ቢታገለውም፣ ሲደክመው ደግሞ ይደግፈው ነበር። አሁን ተጠርጓል፤ አባቴ ከበሩ ክብደት ጋር ብቻውን ቀርቷል።

እጆቹን አያቸው። «እንግዲህ ያ የጠረግሽው ጠላትሽ ሲያግዘኝ ኖሯል በይኛ» አለ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ቁልፎቹ ሲንቃጨሉ ሰማሁ። ወንድሙን እያሰበ እንደሆነ አውቄያለሁ።  ጎንበስ ብዬ የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«አባ፣ ቢስሚላህ በል እንጂ፣ ትምህርት ቤት ይረፍድብኛል!»

 ከዚያ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ከእጄ አጠገብ አሳረፈው። በሩ በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አብረን ነበር የምናነሳው። ሰፈሩ የሰማው የድሮውን ድምፅ ነው፤ አጎቴም ቁልፍ አልተቀበለም። በአንድ አቅጣጫ የሚሠሩ ኃይሎች ይደመራሉ ብሎ አስተማሪያችን ነግሮናል፤ እኔ ግን የአባቴን ድርሻ በመዳፌ ለይቼ አውቀው ነበር። መጀመሪያ ግማሹን ይይዝ ነበር። እያደር አነሰ። ዛሬ እሱም የለም፣ ሱቁም የሌላ ሰው ነው፣ በሩንም ቀይረውታል። እጄ ግን ያን ድርሻ እስከ አሁን አልረሳውም።

የእሱ ድርሻ እያነሰ በሄደበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት በሩን ሳነሳ ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ ነበር። እጁን ያነሳ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። እጀታው ላይ ነው፤ ጣቶቹ ጣቶቼን ነክተዋል፣ ይሞቃሉ። በሩ ጣሪያው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየው።

«ዛሬማ ቀለለን፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ አባ፣ ቀለለን» አልኩት፣ የሚንቀጠቀጠውን ክንዴን ከጀርባዬ ደብቄ።