ከዜማው በፊት ያለው ቆጠራ

በሕይወቴ ሦስት ካሴት አውጥቻለሁ። ሦስቱም ላይ የባንዱ መሪ ተብዬ ተጽፌአለሁ፤ ዛሬ የሚያስታውሳቸው ሰው ያለ ግን አይመስለኝም። የመጀመሪያው ላይ ሳክስፎኔ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ሦስተኛውን ያወጣነው ለስብሰባ ማድመቂያ ስለነበር ከዜማው ጭብጨባው ይበዛል። ሁለተኛው ጥሩ ነበር። ጥሩ ነበር ስል አላፍርም፤ የማፍርበት ሌላ ነገር አለኝ።

አምቦ የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ የኪነት ቡድን እንድመራ ተመድቤ ነው። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ጃዝ ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝና ከተማው ለኩራቴ ጠቦኝ ነበር። የታዘዝነውን ማርሽ ነፍተን አዳራሹ ለእኛ ሲቀር፣ በሩን ዘግቼ የምወደውን አጫውታቸዋለሁ። አኮርዲዮን የሚጫወተው ጉደር የሚያስተምር መምህር ነበር። ጊታርና ቤዝ የሚመቱ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ድራሙ ላይ የሚቀመጠው ጎጆ ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው።

ድራመሩ ተብታባ ነበር። በሌላው ፊደል ደህና ይናገርና «ሰ» ስትመጣ ትይዘዋለች። «ሰላም ነው?» ማለት ስለሚያስቸግረው ለአማራውም ለኦሮሞውም «አከም!» ብሎ ጨብጦ ያልፋል። ችግሩ ዜማ የሚያስጀምረው እሱ መሆኑ ነው። በአማርኛ ሲቆጥር ሦስት ላይ ይያዛል። በኦሮምኛ ይቁጠር ብንል ሦስት «ሰዲ» ናት። አንድ ቀን በራሴ ብልጠት ተደስቼ «በቃ በእንግሊዝኛ ቁጠር» አልኩት። «ዋን፣ ቱ፣ ስ... ስ... ስሪ!» ሲል አኮርዲዮን ተጫዋቹ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ስለዚህ በኦሮምኛ ጸና። «ቶኮ፣ ለማ፣ ስ... ስ... ሰዲ፣ አፉር!» እኛም ለመድነው። ሰዲ እስክትወጣ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን፣ ስትወጣ ባንዴ እንገባለን። ከሌላ ከተማ የመጣ ተጫዋች ከእኛ ጋር ከተቀመጠ ቀድሞ ገብቶ ጉድ ይሆናል። እጁ ግን አንድም ቀን ተንተባትቦ አያውቅም። «ሰዲን ጎጆ ረስተሃት ነው እንዴ የመጣኸው?» እለዋለሁ። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ናት፤ መንገዱ መጥፎ ነው» ይለኛል።

ሁለተኛውን ካሴት የቀዳነው እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ በአንድ ማይክሮፎን ነው። ስምንት ዜማ፣ ከእያንዳንዱ በፊት የእሱ ቆጠራ። አንዱ ላይ ሰዲ አልወጣ ስትለው ራሱ ሳቀና እንደገና ጀመረ። ቤቴ ሄጄ ስሰማው አፈርኩ። የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ሰምተው ሲሳሳቁ ታየኝ። ለሽያጭ የሚሆነውን ስገለብጥ ሁለት ቴፕ አገናኘሁና፣ ቆጠራው እስኪያልፍ እየጠበቅኩ፣ ዜማው ሲጀምር ብቻ እየቀዳሁ ስምንቱንም አጸዳሁ። ያኔ ማጽዳት ነበር የምለው።

ባዶ ካሴት እንደልብ አይገኝም ነበር። ማንም እንዳይቀዳበት ብዬ በዋናው ካሴት ጠርዝ ላይ ያሉትን ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብሬ ነበር። እኔው መልሼ ቀዳዳውን በሲጋራ ወረቀት ወተፍኩና የራሴን ሶሎ ቀዳሁበት፣ ሁለቱንም ገጽ፣ ያለ ድራም፣ ያለ ማንም። ከዚያ ሁሉ ሶሎ ዛሬ አንዱንም መስማት አልፈልግም።

ካሴታችን ከአምቦ እስከ ጉደር በየሻይ ቤቱ ሲሰማ ከረመ። በዓመቱ ድራመሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለና ወደ ሰሜን ሄደ። በሁለተኛው ክረምት መርዶው ጎጆ ደረሰ።

እናቱ አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ ሊወጡ መጥተው፣ አዳራሹ ድረስ መጡ። በከረጢት ድንች ይዘውልኛል። አማርኛቸው ከእኔ ኦሮምኛ እጅግ ይሻላል።

«ኦቦ፣ መልኩ አልጠፋኝም፣ ፎቶም አለኝ» አሉኝ። «ድምፁ ነው እየጠፋብኝ ያለው። ላስታውሰው እላለሁ፣ አይመጣልኝም። አንተ ጋ አለ አሉኝ። ዘፈኑ ሳይጀመር ይቆጥራል አሉ። እሱን አሰማኝ።»

«ካሴቱ ቤት ነው እማማ፤ የሚመጣው ቅዳሜ ይምጡ» አልኩ። ድንቹንም ተቀበልኩ።

ያን ሳምንት ዋናውን ካሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማሁት። መጨረሻው ላይ እንኳ አንዲት ቃል ተርፋ ይሆናል ብዬ ነበር። ከእኔ በቀር ማንም የለም። እየነፋሁ፣ እየነፋሁ፣ ማብቂያ የለኝም። ሳክስፎኔን እንደዚያ ሳምንት ጠልቼው አላውቅም።

ለአኮርዲዮን ተጫዋቹ ነገርኩት። «እኔ ልቁጠርላቸው?» አለ። ድምፁ የወጣት ድምፅ ነው፣ ኦሮምኛውም የአገሩ ነው። ቴፑን ለመቅዳት አስነሳሁ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ስ...» አለና አቆመ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «በሙት ላይ ያላገጥኩ መሰለኝ። አልችልም» አለ። እኔም አላስገደድኩትም። ሳይንተባተብ ቀጥ አድርጎ ቆጠረ፣ ዜማውን ከኋላው ቀጠልኩበት። ካሴቱ ያረጀ ነው፣ ይንሿሿል፣ አይለዩትም ብለን ተጽናናን።

ቅዳሜ እናቱ መጡ። ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አጠገቡ አስቀመጥኳቸው። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

«ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር!» አለ ካሴቱ። ዜማው ገባ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ሰዲ አለ?»

«አዎ እማማ።»

«ሳይያዝ?»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው። «እኛ ጋ ከመጣ በኋላ አፉ ተፈታ» አልኩ። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የሚቆጥረው።»

ፊታቸው በራ። «ገለተ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን እያመሰገኑ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ስንት ጠበል እንዳዞሩት፣ ስንት እንደተሳሉለት ነገሩኝ። አራት ጊዜ ደጋግሜ አሰማኋቸው። የሠራሁት ውሸት መድኃኒት ሆነ ብዬ እኔም በሆዴ ደስ እያለኝ ነበር።

አራተኛው ላይ ሳቃቸው ቆመ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«እኔ ጋ ግን ይያዝ ነበር» አሉ። «ሊዘምት ሲል ቤት መጣ። ሊሰናበተኝ ፈልጎ ቃሉ አልወጣ ብሎት በእጁ ነው የተሰናበተኝ። ልጅ ሳለ ቶሎ በል እያልኩ እመታው ነበር፣ ኦቦ። እናንተ ጋ ከተፈታ፣ ለካ የሚይዘው እኔን ሲያይ ኖሯል።»

«አይ እማማ፣ እንደሱ አይደለም» አልኩ። እንዴት እንደሆነ ግን አልጨመርኩም።

«አንተ ምን አደረግህ» ብለው እጄን መታ መታ አደረጉ፣ እኔን ሊያጽናኑ። ካሴቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና መኪና እንዳያመልጣቸው ተነሡ።

ጎጆ ሄጄ እውነቱን ልነግራቸው ብዙ ቅዳሜ ነበረኝ። አልሄድኩም።