የሰገነቱ ኩርፊያ

ከሹፌራችን ጋር አምስት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። በአንድ አውቶቡስ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን! እኔ ጅማንና የአካባቢዋን የቡና ከተሞች ለእንግዶች የማሳይ አስጎብኚ ነኝ። እሳቸው ሃምሳውን ያለፉ፣ ጅሬን ተወልደው ያደጉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ የማያነሱ ሰው ናቸው። ታላቅን ማኩረፍ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔ አንዴ ካኮረፍኩ ግን አኮረፍኩ ነው፤ እናቴ "ይቺ በቅሎ" የምትለኝም ለዚሁ ነው።

የተጣላነው በሰገነት ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የድሮውን የጅማ ንጉሥ ቤተ መንግሥት እያስጎበኘሁ፣ ንጉሡ ሜዳው ላይ የሚደረገውን ጨዋታ ይመለከቱ የነበረው ከዚህ ሰገነት ነው ብዬ በእጄ ጠቆምኩ። ሹፌሩ ከኋላችን ቆመው ነበር። አይ፣ በዚያኛው በኩል ነው አሉ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ እችለው ነበር። "ልጅቷ መጽሐፍ ነው ያነበበችው፣ እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት" ብለው ሲጨምሩ እንግዶቹ በሙሉ ሳቁ። ስንት ዓመት ታሪክ ተምሬ በሰው ፊት መሳቂያ ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ እንኳ ነፈግኳቸው።

ሥራ ግን ሥራ ነውና በማይክራፎን መነጋገር ጀመርን። "ክቡራን እንግዶች፣ አሁን ወደ ግራ ታጥፈን በሄርማታ ገበያ እናልፋለን" ስል ሹፌሩ ወደ ግራ ይታጠፋሉ። "ክቡራን እንግዶች፣ እዚህ አሥር ደቂቃ እንቆማለን" ስል ይቆማሉ። እሳቸውም ነዳጅ መቅዳት ሲፈልጉ ፊት ለተቀመጠው እንግዳ ጮክ ብለው ያወሩለታል፤ እኔ እሰማለሁ። እንግዶቹ ይህን ሁሉ ከትሕትና ይቆጥሩት ነበር። ኬላ ስንደርስ ደግሞ መንጃ ፈቃዳቸውን ከመስታወቱ ሥር አንስቼ ለትራፊኩ የማቀብለው እኔ ነኝ። ያችን ካርድ ስንቴ በእጄ ይዣት እንደነበር እንጃ፤ አንድም ቀን አንብቤያት አላውቅም።

ያን ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ የሄድኩት ከሆስፒታል ነው። ታናሽ እህቴ ምጥ ይዟት ነበር። በቀዶ ሕክምና ሳትወልድ አይቀርም፣ ለማንኛውም ደም ከአሁኑ ፈልጉ ተባልን። የእሷ ደም ኦ ኔጋቲቭ ነው፤ ከዚያ ሌላ አይቀበልም፣ ያ ዓይነት ያለው ሰው ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። እኔም እናቴም ተመረመርን፣ አልሆነም። ባሏ ግን የቤተ ክርስቲያን ወንድምና እህት ሞልቶኛል፣ ሁሉንም ይዤ እመጣለሁ፣ አንቺ ሥራሽ ላይ ሂጂ አለኝ። እህቴም እንድሄድ ነገረችኝ፤ ስመለስ ከአጋሮ አቮካዶ እንዳመጣላት ብቻ አደራ አለች። ሄድኩ።

መንደራ ቆጪ ሰፈር የቆመው አውቶቡሳችን ጋ ስደርስ ሹፌሩ መስታወት እየወለወሉ ነበር። ዓይኔ ማበጡን አዩ። ጨርቁን አስቀመጡና፣ "ማል ታቴ ልጄ? ምን ሆነሻል?" አሉኝ።

በአምስት ወር ውስጥ የነገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ታላቅ ሆነው ሳለ ቀድመው ኩርፊያውን ሰበሩት። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ያ የተረገመ እልህ መጣብኝ፤ በሰው ፊት አዋርዶኝ አሁን ደርሶ አዛኝ ሊሆን ነው እንዴ አልኩ በሆዴ። ፊቴን አዙሬ ገባሁና ማይክራፎኑን አነሳሁ፤ "ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ። ጉዟችንን እንጀምራለን።" ሹፌሩም ገብተው ሞተሩን አስነሱ።

ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ እያለን የእህቴ ባል ደወለ። ብዙ ሰው ተመርምሮ አንድም አልተገኘም። እኔ ስለ በሮቹ ቅርጽ፣ ስለ አሮጌው መስጊድ እያስረዳሁ ነው። ለእንግዶቹ ልንገራቸው ይሆን አልኩ። ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ፤ ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ድረስ ለመዝናናት መጥተው እንዴት በእኔ ጭንቀት ይጨነቁ? ባሏ ያገኛል፣ አሁን ያገኛል እያልኩ ራሴን ደለልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አጋሮ መግቢያ ትራፊክ አስቆመን፤ መንጃ ፈቃዱን አቀበልኩ፣ ተቀብዬም ቦታው መለስኩ። አጋሮ ገበያ ላይ አቮካዶውን ገዛሁ።

ከአጋሮ ወዲያ ጮጬ መንደር ደርሰን፣ ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ይባላል እያልኩ፣ እንግዶቹም ቀይ የቡና ፍሬ ይዘው ፎቶ እየተነሱ ሳለ እናቴ ደወለች። ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ እህትሽን ግን ደም እየፈሰሳት ነው፣ አልቆም አለ፣ ደም አምጪልኝ ብላ ስታለቅስ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ኔትወርክ የለም። እንግዶቹን እንደ በግ እየነዳሁ አውቶቡሱ ውስጥ አስገባኋቸው። ማይክራፎኑን አነሳሁ።

"ክቡራን እንግዶች፣ እህቴ ልትሞትብኝ ነው። ኦ ኔጋቲቭ ደም ያለው ሰው ካለ፣ በእናታችሁ።"

አንዲት ሴትዮ የኔ ሌላ ነው አሉ። አንዱ የራሱን ዓይነት እንደማያውቀው ነገረኝ። የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄድኩ፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ወደ ፊት ስመለስ ሹፌሩ ዞረው ተቀምጠዋል። መንጃ ፈቃዳቸውን ከመስታወቱ ሥር አንስተው ዓይኔ ሥር አስጠጉልኝ፤ አውራ ጣታቸው የደም ዓይነት የሚለው ላይ ነበር።

"የኔ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዱት እግዜር ይወቅ። አጋሮ የገበያ ቀን ነበር፤ ቡና የጫነ አይሱዙ፣ በቅሎና ባጃጅ መንገዱን ሞልቶታል። እጃቸው ከጥሩምባው አልተነሳም፤ ከንፈራቸው "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላል። እንግዶቹ በየመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው መንገደኛውን አሳልፉን እያሉ ይለምናሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ "ፍጠኑ፣ ፍጠኑልኝ" እላለሁ። ማይክራፎኑ እጄ ላይ እንደተከፈተ መቅረቱን ያወቅኩት ጅማ ስንገባ ነው።

የአውቶቡሱን በር እንኳ ሳይዘጉ ሮጠው ገቡ። ደማቸው ተቀዳ፣ ለእህቴም ተሰጣት። ግን ዘግይቶ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።

ሕፃኗን እናቴ ታቅፋ ስታለቅስ እኔ ኮሪደሩ ላይ እሳቸው እግር ሥር ወደቅኩ። ክንዳቸው ላይ ያለውን ጥጥ እንደያዙ በአንድ እጃቸው አነሱኝ። እሳቸውም ያለቅሱ ነበር።

"ጠዋት ጠይቄሽ ነበር እኮ" አሉኝ። "ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?"

በምን አፌ ልመልስላቸው? ሰገነቱ በየት በኩል ነው ተባብለን ስለነበር ነው ልበላቸው? ያኔውኑ፣ በተጣላንበት ቀን፣ ቤቴ ገብቼ መጽሐፌን ገልጬ አይቻለሁ። እሳቸው ባሉት በኩል ነው።