ብሽሽቴ ውስጥ የተጠራው ስብሰባ

ጎህ ሳይቀድ ትእዛዝ መጣ። ከፊታችን ያለውን ቀይ ኮረብታ እንድንይዝ። የመቶአችን ግማሽ የመርካቶ ሰው ነበር። ቀበሌ መርጦ የላከን ነን፤ እንዴት እንደመረጠን አትጠይቁኝ። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነበርኩ፤ ጓደኛዬ ሰይድ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ዕቃ ተሸካሚ።

ተኩስ ተከፈተ። ተኛን። ተነሳን። ረፋድ ላይ ጫፉን ያዝን። እኔን ባቴ ላይ ፍንጣሪ አገኘኝ።

የመጣንበት መንገድ ከኋላችን በተኩስ ስለተዘጋ ቁስለኛ ማውረድ አልተቻለም። እግሬ አበጠ፤ ጋለ። ብሽሽቴ ላይ እንቁላል የሚያክል ንፍፊት ወጣ። መመረዙ ወደ ላይ ከዘለቀ እግሬ እንደሚቆረጥ ተነገረኝ።

ሰይድ ሳንጃውን እሳት ላይ አጋለ። «ንፍፊቱን ልተኩሰው። ወሎ ሳለን አባቴ በቅሎውን ያዳነው እንዲህ ነው።»

«በቅሎ አይደለሁም።»

«ብትሆን ይሻል ነበር፤ ጥይት ትሸከምልን ነበር።»

ሃምሳ አለቃ ዘውዴ፣ ቁስለኛ የሚያክመው የመቶአችን ድሬሰር፣ ደረሰብን። «ሳንጃህን መልስ። እዚያ ውስጥ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለው።

«እነማን?»

ቁስሌን በጨው ውሃ እያጠበ አስረዳን። «ቁስሉ ላይ የነበሩት ሴሎች ጀርሙን እንዳገኙ መልእክት ለቀቁ። በአፍ ሳይሆን በኬሚካል። የደም ሥሩ ላላላቸው፤ ነጭ የደም ሴሎች ደርሰው ጀርሙን መዋጥ ያዙ። እብጠቱም ሙቀቱም ከዚህ ነው። አንዱ ደግሞ የጀርሙን ቁራጭ ይዞ ንፍፊቱ ጋ ሄደ። እዚያ ያሉት ሴሎች እያንዳንዳቸው የሚለዩት አንድ ዓይነት ጠላት ነው። የሚገጥመው እስኪገኝ ለሁሉም ያሳያል።»

ይሄኔ ገባኝ። እኛ ዘንድ ደላላ የጨርቅ ቁራጭ ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ባለሱቁ ይዳስሳል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ደላላው ይቀጥላል። አንዱ «አለኝ» ሲል ጣቃው ከመደርደሪያ ይወርዳል።

«‹አለኝ› የሚል ሲገኝስ?» አልኩት።

«እሱ ይባዛል፤ ለሌሎቹም ትእዛዝ ያስተላልፋል። እነሱ ጀርሙ ላይ የሚለጠፍ ነገር ያመርታሉ፤ የተለጠፈበት አያመልጥም። ግን ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ ቁስሉ ላይ ያሉት ምሽጋቸውን ይዘው ይቆያሉ። እኔም በቀረችኝ ፔኒሲሊን አግዛቸዋለሁ።»

ሰይድ ሳንጃውን አፈር ላይ አቀዘቀዘ። «በዚህ ዘመንም ፍሬ ያለው ስብሰባ አለ ማለት ነው» አለ። ሃምሳ አለቃው ያልሰማ መሰለ።

እኛም ምሽጋችንን ይዘን ቆየን። ሁለቴ መጡብን፤ ሁለቴ መለስናቸው። እኔ በደረቴ ተኝቼ እተኩስ ነበር፤ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ ሰይድ ትከሻዬን ይጫነኛል። ከዚያ አንድ ማለዳ ላብ በላብ ሆኜ ነቃሁ። ትኩሳቱ ለቆኛል። ንፍፊቱን ብዳብሰው ሟሽሿል።

«እግርህ ያንተ ነው» አለኝ ሃምሳ አለቃው።

ከሰዓት በኋላ ደጋፊ ጦር መንገዱን ከፈተ። ሰይድ ሊሸከመኝ ጀርባውን ሰጠኝ።

«በእግሬ ነው የምወርደው» አልኩት።

«ሥራዬን ነጠቅከኝ» አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ከመውረዳችን በፊት የሞቱብንን ቆጠርን። አራት። ሁለቱ የአብነት ሰፈር ልጆች ናቸው። ቀበርናቸው። ሃምሳ አለቃው ቁስሌን ለመጨረሻ ጊዜ ጠረገልኝ፤ መግሉን አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

«አትጸየፈው» አለኝ። «ሲዋጉልህ የሞቱት እነዚያ ሴሎች ናቸው።»

መግሉን የጠረገበትን ፋሻ ከእጁ ተቀብዬ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ ጉድጓድ ማስኩና ራሴ ቀበርኩት። እነዚያን የቆጠራቸው የለም።