ቀኑን ያረሙት ሰውዬ

ዙለይካን የሚያደክማት ማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑን የሚረዱላት ሰዎች ናቸው። ይህች የካዛንቺስ ልጅ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የጋሽ መዝገቡ ወርክሾፕ ውስጥ ሲኤንሲ የሚባለውን የብረት መቁረጫ ማሽን ስታሠራና ስትጠግን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማሽኑ በኮምፒውተር የታዘዘውን ብረት አንዲት ፀጉር ታህል እንኳ ሳያሳልፍ ይቆርጣል። ሰው ግን አይታዘዝም። ጥበቃው አቧራ እንዳይገባ ብሎ የማሽኑን መተንፈሻ በጨርቅ ይወትፈዋል፤ ጽዳቷ ስክሪኑን በበረኪና ትወለውለዋለች። ስትቆጣቸው ደግሞ ይቀየሟታል።

ግንቦት 12 ቀን 2006 ጠዋት ማሽኑ ጨርሶ አልቆርጥም አለ። ለዚያውም በዚያን ቀን! አራት ሰዓት ላይ የአንድ ለስላሳ ፋብሪካ ሰዎች መጥተው፣ ዓይናቸው እያየ ናሙና ሊቆረጥላቸው ነው። ካማራቸው የዓመት ሥራ ይሰጣሉ። ካላማራቸው ጋሽ መዝገቡ ማሽኑን ሊሸጡት ምለዋል፤ ማሽኑ ከተሸጠ ዙለይካም ከቤቷ ቀረች ማለት ነው።

ስክሪኑ በእንግሊዝኛ የፕሮግራሙ ፈቃድ አይሠራም ይላል። ፊውዙን አየች፣ ገመዱን ፈተሸች፣ የአየር ግፊቱን ለካች፤ ሁሉም ደህና ነው። ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ጋ ደወለች።

«ኢንጂነሩ ዱባይ ነው። ከወር በኋላ ይመጣል።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ስልኩን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። ቀና ስትል ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየች። 2006 ይላል! ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደኋላ የሄደ መስሎት፣ ፈቃዱ ገና አልተሰጠም ብሎ ቆሟል።

«ጋሽ ታዲዎስ!» ብላ ጮኸች። አቶ ታዲዎስ ጡረታ ከወጡ በኋላ እዚህ ዕቃ ግምጃ ቤት የተቀጠሩ፣ ንጹሕና ጠንቃቃ ሽማግሌ ናቸው። «ቀኑን የነኩት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» አሉ ኮራ ብለው። «ትናንት ልዘጋ ስል ሁለት ሺህ አሥራ አራት ይላል። አንቺ ስትነካኪ እንዳየሁት አድርጌ አረምኩት። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ የተሳሳተ ቀን አሳልፌ አላውቅም።»

«በፈረንጅ አቆጣጠር እኮ ነው!»

«መች አጣሁት? ማሽኑ ያለው ግን ቂርቆስ ነው።»

ዙለይካ ወደ ማሽኑ ዞረች። ቀኑን መለሰችው፤ ማሽኑም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሣ። እንግዶቹ ሲገቡ ናሙናው መቆረጥ ጀምሮ ነበር።

ጠዋት ሲንቆራጠጡ የነበሩት ጋሽ መዝገቡ «ምን ሆኖ ነበር?» አሉ እንግዶቹን አስከትለው።

እውነቱን ብትናገር ሽማግሌው ዛሬውኑ ይባረራሉ። «መብራት ነው» አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚጠራጠር የለም።

«መብራት አይደለም» አሉ አቶ ታዲዎስ ከኋላ። «ቀኑን እኔ አርሜው ነው። እሷ ደግሞ ወደ ስህተቱ መለሰችው።»

ዙለይካ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። እሷ ታድናቸዋለች፣ እሳቸው ተመልሰው እሳት ውስጥ ይዘላሉ! ጋሽ መዝገቡ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ታዲዎስ እውነቱን ነው» አሉ። «እኛ አበሻ፣ እንግዶቻችን አበሻ፤ ምን ሆኖ ነው በፈረንጅ የሚቆጥረው?» ብለው ጣታቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱ።

ጧ! ዙለይካ የአለቃዋን እጅ በጥፊ አለችው።

«አይነካም!»

ማሽኑ ብረቱን መቁረጡን ቀጠለ። ናሙናው ወጣ፣ ተለካ፣ ልክ ሆነ። ፋብሪካው ሥራውን ሰጠ፤ ከእንግዶቹ አንዱ ግን ውሉ ላይ አንድ መስመር ካልገባ አልፈርምም አለ፦ ማሽኑን ከወይዘሮ ዙለይካ በቀር ማንም፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ አይነካውም። ጋሽ መዝገቡ የተመታ እጃቸውን እያሻሹ ፈረሙ።