በሬድዮው ሆድ ውስጥ የተረፈው ቋጠሮ

ከአባቴ የወረስኩት አንድ ሬድዮ አለኝ። በአምፖል የሚሠራ፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ የትም ቦታ የፋብሪካ ስም ያልተጻፈበት ነው። ሲከፈት ወዲያው አይናገርም። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ይግላሉ፣ ብርቱካናማ ብርሃን ከጀርባው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይፈሳል፣ ከዚያ ድምፁ ከሐይቅ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ከሩቅ ይመጣል። እኔ ዛሬም ያን ጥበቃ ከዜናው አብልጬ እወደዋለሁ።

ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ሬድዮ ፊት አስቀምጬ እየመከርኩ ነው። ምክሬ አይለወጥም ነበር። ይህን የሠሩት ጀርመኖች ናቸው፤ ሥራቸውን ስለሚያከብሩ ስማቸውን መለጠፍ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ እኔም እሱን እየፈታሁ እየገጠምኩ፣ ማንም ሳያስተምረኝ የሬድዮ ጥገና ቻልኩ፤ እናንተ ግን አስተማሪ ተመድቦላችሁ ትሰንፋላችሁ እላቸው ነበር። ጀርመን ያልኩት አንደኛው አምፖል ላይ የጀርመን ጽሑፍ ስላየሁ ብቻ ነው። አባቴን ደግሞ ቤቱ እያፈሰሰ ሬድዮ የገዛ ዓሣ አጥማጅ አድርጌ ነበር የማወራው። አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተ የሚያርመኝ አልነበረም።

ባለፈው ክረምት፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምታስተምረው ልጄ ሬድዮውን ልትዋሰኝ መጣች። ትምህርት ቤታቸው የድሮ ዕቃዎችን ለተማሪዎች ሊያሳይ ነው፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የሠሪው ስም የሚጻፍበት ካርድ ይቀመጣል።

ጀርመን ብለሽ ጻፊ አልኳት።

«ጀርመን አገር ነው፣ አባዬ። የሠራው ማን ነው? ያላረጋገጥሽውን አትጻፊ እያልክ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ።»

እውነቷን ነው፤ ያውም በቁጣ ነው ያስተማርኳት። እስከ ዓርብ አረጋግጬ እነግርሻለሁ አልኩና ሸኘኋት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ካቻቢቴ ይዤ ሬድዮውን ፈታሁት። እስከዚያ ቀን የከፈትኩት ለመጠገን እንጂ ለማየት አልነበረም። አምፖሎቹ የሦስት አገር ነበሩ። ሁሉም ነገር የተተከለበትን ቆርቆሮ ስገለብጠው የዘይት ጣሳ ሆኖ ተገኘ፤ ከዝገቱ ሥር የደበዘዘ ቀለሙ ይታያል። ፋብሪካ እንዲህ አይሠራም። ይህን ከዚህ በፊት አላየሁም ብል እዋሻለሁ። አይቼ፣ የሆነ ጠጋኝ የለወጠው ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሽቦዎቹ ድሮ በሰም በተነከረ ክር ታስረው ነበር። ወጣት ሳለሁ ክሩን ሥርዓት የለሽ ሥራ ነው ብዬ እየቆረጥኩ ጣልኩትና ሽቦውን በናስትሮ ጠቀለልኩት። እጄ ያልደረሰበት አንድ ጥግ ላይ ግን አንድ ቋጠሮ ተርፎ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ዞሮ በራሱ ውስጥ ተመልሶ የወጣ፣ ጫፉ እንደ ጆሮ የቆመ ቋጠሮ።

እሱን እያየሁ አንድ የቆየ ሕልሜ መጣብኝ። ዝናብ ጣራውን ይመታል። የዓሣና የጋለ አቧራ ሽታ አለ። አንድ ሰፊ እጅ ትንሿን እጄን ይዞ የሚያብረቀርቅ ሽቦ ሸምበቆ ላይ ያስጠመጥመኛል። የሰውየው ፊት አይታይም። ከልጅነቴ ጀምሮ ደጋግሞ ይመጣብኛል፤ ሁልጊዜ ሕልም ነው እል ነበር።

በነጋታው የሬድዮውን ሆድ በፎጣ ጠቅልዬ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው ቡሹሎ መንደር ሄድኩ። ከአባቴ ጋር በአንድ ጀልባ ያጠምዱ የነበሩ አዛውንት እዚያ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ደጃፋቸው ላይ ሆኖ ሐይቁ ይታያል፤ ከዝናቡ በኋላ ውኃውና ሰማዩ አልተለዩም ነበር።

«የአባትህ ነው» አሉኝ።

በሐይቁ ላይ ንፋስ ሲነሳ የዚህና የዚያ ሰው መረብ ይጠላለፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አጥማጅ በመረቡ ጥግ ላይ የራሱን ቋጠሮ ያስራል፣ ክርክር ሲመጣ ያ ይታያል። የሌላውን ቋጠሮ የሚያስር የለም፤ ነውር ነው። ይህን ካስረዱኝ በኋላ ስለ ሬድዮው ነገሩኝ። አባቴ አልገዛውም። ከአንድ ፈረንጅ እርሻ የተጣሉ የሬድዮ ስብርባሪዎችን ለቅሞ፣ ጀልባ በማይወጣበት ክረምት፣ ሣጥኑን ከዓሣ መጫኛ ጣውላ አበጅቶ ሠራው።

«የሽቦውን ጥምጥም የምትቆጥርለት አንተ ነበርክ፣ ጭኑ ላይ ተቀምጠህ። እስከ ሃያ ነው የምታውቀው። ከሃያ በኋላ እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ፣ እሱ በሳቅ ይሞታል።»

አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ምናልባት ጥፋቱን ወደ እሱ ለመመለስ ፈልጌ ይሆናል።

«ታዲያ አባባ፣ ስሙን ለምን አልጻፈበትም?»

ጣታቸው በናስትሮው ላይ ሄደ፤ በአንዱ፣ ከዚያም በሌላው።

«ጽፎበት ነበር። ቆርጠህ ጣልከው እንጂ።»

ዓርብ ልጄ መጣች። ጀርመን ብላት ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ሃምሳ ዓመት የተናገርኩትም እንዳለ ይቆይልኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ አባቴ በሐሰት መናገሬን፣ ክሩን መቁረጤንም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ ከዚያ፣

«ማንም ሳያስተምረኝ የሚለውስ?» አለችኝ።

«እሱን ተይው» አልኳት።

ካርዱን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩበት። የአባቴን ሙሉ ስም፣ ከሥሩ «የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ» ብዬ። ጥቂት ቦታ ተርፎ ስለነበር በትንንሽ ፊደል ጨመርኩበት፦ «ጥምጥሙን እስከ ሃያ የቆጠረለት ልጁ ነው።»

ከመውሰዷ በፊት ሬድዮውን ከፈትነው። አምፖሎቹ እስኪግሉ ሁለታችንም ግድግዳውን እያየን ተቀመጥን፤ እኔም የምመክረው ነገር አልነበረኝም።