በለጠችና የጋዙ ሽታ

ደብረ ታቦር አደገች ሲባል እኔ የማውቀው በበለጠች ሱቅ ነው። የእሷን የጋዝ ሱቅና የእኔን ልብስ ስፌት ቤት የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሲሊንደር ሲንኳኳ መርፌዬ ይዘላል። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ከየአገሩ የመጡ መምህራን ቤት ተከራዩ፤ አከራዮቹ ደግሞ ግድግዳችን ይጠቁራል ብለው እንጨት ማንደድ ከለከሉ። መብራቱ እንደሆነ ባሰኘው ሰዓት ይመጣል፣ ባሰኘው ሰዓት ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም ወደ በለጠች ነው። መንገድ ተዘግቶ ጋዝ የሚያመጣው መኪና ከባሕር ዳር የቀረ ጊዜ ደግሞ ባዶ ሲሊንደር ከደጃፏ አልፎ የእኔንም በር ይዘጋል። እነጫነጭባታለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ትስቅ ነበር ልበል እንጂ።

በለጠች የጉና ሥር ልጅ ናት። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ነው የተመለሰችው። እዚያ ሳለች የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነበር፤ እመቤቷ ጣቷን ወደ ምድጃው ዘርጋ ስታደርግ እሳቱ ይነሳል፣ እናቷ እማማ ፈንታነሽ ግን ክረምት ከበጋ እርጥብ ባሕር ዛፍና ኩበት ላይ ተደፍተው እፍ ይላሉ። ሳላቸው ከደጅ ይሰማል። አገሬ ስገባ እናቴን ከጭስ አወጣታለሁ ብላ ማለች። ሱቁ ለከተማው ሰው ሆነ እንጂ ሐሳቧስ እናቷ ነበሩ።

ከመጀመሪያው ጭነት አንዱን ሲሊንደር ከነምድጃው ይዘንላቸው ሄድን። መኪናው ካቆመበት ወዲያ በትከሻ ነበር፤ እስካሁን ወገቤን ያመኛል። በለጠች ለደንበኛ ሁሉ የምትለውን ለእናቷም ነገረቻቸው፤ የጋዙን ጎማ ቧንቧ በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ ከሸተተ በር መክፈት፣ እሳት አለመጫር። ከዚያ መክፈቻውን ትንሽ ላላ አደረገችው።

«እማዬ፣ ይሸትሻል?»

«ይሸተኛል እንጂ፣ ልጄ።»

«በደንብ ይሸትሻል?»

«ምነው፣ አፍንጫ የለኝም እንዴ? ይሸተኛል አልኩሽ።»

የበለጠች ፊት በራ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ነበር፣ አንድ ቃል እንኳ ጣልቃ አላስገባችኝም።

እማማ ፈንታነሽ ሲሊንደሩን እንደ ክቡር እንግዳ ያዙት። ሌባ እንዳያየው ከማድ ቤት አውጥተው ከአልጋቸው ራስጌ አቆሙት፣ ማታ ማታም የጉና ብርድ እንዳያገኘው ጋቢ ይደርቡለታል። የበሩንና የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ይወትፋሉ። ይህን ሁሉ የሰማነው በኋላ ነው። ባለፈው ኅዳር ጎማውን አይጥ ቀረጠፈችው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጎሕ ሲቀድ ለጸሎት ተነስተው፣ ጧፍ ሊያበሩ ክብሪት ጫሩ። ጎረቤታቸው የሺዋስ ሽታው ደጅ ድረስ መጥቶበት በሩን ሊያንኳኳ እየተጠጋ ነበር፤ በሩ ከነመቃኑ ተገንጥሎ ሲወድቅ አየ። እማማ ፈንታነሽ ሆስፒታል ደርሰው ብዙም አልቆዩም።

በለጠች በለቅሶው አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ታዝቧታል፣ እኔም ፈርቼላታለሁ። የሺዋስ ስለ ሽታው ደጋግሞ ሲያወራ፣ እፀገነት የምትባል የመንደሩ ባልቴት ቀበል አደረገችና፣ «ፈንታነሽ እኮ ወጥ ሲያርርባት የምንነግራት እኛ ነን። ጭሱ አፍንጫዋን ከገደለው ስንት ዘመኑ» አለች። በለጠች ቀና ብላ አየቻት።

ሱቁን እንደገና ስትከፍት ሕግ አወጣች። እድሜው ለገፋ ሰው ጋዙን ሳታስሸትት አትሸጥም። ያልሸተታቸውን እናቶች ወደ ኩበታቸው ትመልሳለች። ደንበኛ ይራገማል፣ እኔም በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ተናድጃለሁ፤ ጭሱስ ገዳይ አይደለም ወይ? አንድ ቀን ብነግራት፣ «እሱ ቀስ ብሎ ነው» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከዱባይ የተመለሰች ልጅ እናቷን ደግፋ መጣች። አሮጊቷ ዓይናቸው በጭስ ቀልቷል። በለጠች ሲሊንደሩን አስጠግታ፣ መክፈቻውን የምታላላ መስላ፣ «ይሸትዎታል፣ እማማ?» አለቻቸው።

አሮጊቷ ልጃቸውን አየት አደረጉ። «ይሸተኛል እንጂ፣ ልጄ።»

«አልከፈትኩትም እኮ።»

ልጅቷ ደነገጠች። አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ዝቅ ባለ ድምፅም፣ «ሰው አገር ለፍታ ያመጣችልኝን አልፈልግም ልበላት?» አሉ።

እናትና ልጅ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ቁልፍ ልተክል የያዝኩትን ኮት አስቀምጬ ወደ ሱቋ ገባሁ። በለጠች ከባዶ ሲሊንደር ላይ ተቀምጣ፣ ለእናቷ ያላፈሰሰችውን እንባ ታፈስሰው ነበር።

«እማዬ ታውቅ ነበር» አለችኝ። «እንደማይሸታት ታውቅ ነበር።»